የሮቦት ክንድ ከመግዛታችሁ በፊት መብራቱን አጥፉ

ቅዳሜ ከሰዓት እዚሁ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ኮሚናሉ ውስጥ የተናገርኩት ነው። ያልመጡ ልጆች ጽፈህ ላክልን ስላሉኝ ነው ያሰፈርኩት። አንዳንዱን ቆርጫለሁ፤ ያኔ የረሳሁትን ደግሞ ጨምሬበታለሁ።

እንደምን ዋላችሁ። እንዳያችሁት መብራት የለም። ወንበር ስንደረድር ነበረ፣ እኔ አፌን ልከፍት ስል እልም አለ። ስለዚህ ጮክ ብዬ ነው የማወራው፤ ከፈጣን መንገዱ የሚመጣው የከባድ መኪና ድምፅም አለብኝ። ከኋላ ያላችሁ ካልተሰማችሁ እጅ አውጡ።

ጠረጴዛው ላይ አንገቱን ደፍቶ የምታዩት የሮቦት ክንድ ነው። አልተበላሸም። መብራት ሲኖር ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ሲጠፋ እንዲህ ዝልፍልፍ ይላል። ዛሬ ላሳያችሁ ያሰብኩት ሌላ ነበር። ግን ለማወራው ነገር ከዚህ የተሻለ ማሳያ ብፈልግ አላገኝም ነበር።

በሳምንት ሁለት ሦስት ልጅ ይጠይቀኛል። ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያሳየኛል። ስድስት መገጣጠሚያ ያለው፣ ብርቱካናማ የተቀባ፣ የመኪና ፋብሪካ ውስጥ ያለውን የሚመስል፣ በየቁራጩ የሚሸጥና ራስህ የምትገጣጥመው ክንድ። «ይሄ ኪት እንዴት ነው?» እኔም «መብራት ሲጠፋ ምን ይሆናል?» ብዬ እመልሳለሁ። ዝም። ሻጩ አልጻፈውማ! ሻጩ የጻፈው የመገጣጠሚያውን ብዛት ነው። ስድስት ከአራት ይበልጣል፣ ስለዚህ ስድስቱ ይሻላል፤ ሒሳቡ እዚያ ያልቃል።

እኔም እንደዛ ነበር የገዛሁት።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አንዲት ጎረቤት አሉኝ፣ እማማ ነው የምንላቸው። ዶሮ ያረባሉ። እንቁላሉን ባለ 30 ከሆነው ካርቶን አንድ በአንድ እያነሱ ወደ ማስፈልፈያው ማሽን ያስገባሉ። ወገባቸውን ያማቸዋል። እኔ ደግሞ ቤቴ ቁጭ ብዬ ምን ልሥራ እያልኩ የምፈልግ ሰው ነኝ፤ ምክንያት ነበር የጎደለኝ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አይደል የሚባለው? እኔ በክንድ አስኬደዋለሁ አልኩ። ባለ ስድስቱን ኪት በሰው አስመጣሁ። ሁለት ሳምንት ገጣጠምኩት። ዘጠኝ እንቁላል በሰላም አሳለፈ። አሥረኛውን ይዞ ከካርቶኑ በላይ ሲያልፍ መብራት ጠፋ።

ክንዱ ወደቀ። በቃ፣ ትከሻው ላይ የያዘው ነገር የለም፣ ወደቀ። አሥራ አንድ እንቁላል። እማማ ምንም አላሉኝም። ማታ ላይ ልጃቸውን ልከው አስጠሩኝ፤ ፍርፍር ሠርተው ነበር።

እና ዛሬ የማወራው ከዚያ ፍርፍር የተማርኩትን ነው።

መጀመሪያ ሞተሩን እንወቀው። ስቴፐር ሞተር ማለት እየቆጠረ የሚዞር ሞተር ነው። የተለመደው ዓይነት አንድ ሙሉ ዙር ለመዞር 200 እርምጃ ይራመዳል፤ አንዱ እርምጃ 1.8 ዲግሪ ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምት ስትሰጡት አንድ እርምጃ። 50 ምት ብትሰጡት ሩብ ዙር ዞሮ ቀጥ። እና መብራት እስካለው ድረስ እንደቆመ አንቆ ይይዛል፤ በእጃችሁ ላዙረው ብትሉ ይታገላችኋል። እንደ ተራ ሞተር እየተንሸራተተ አያልፍም። ለዚህ ነው ፕላስቲክ እየደራረበ ዕቃ የሚያትመው ሥሪዲ ፕሪንተሩም፣ የቤት ውስጥ ትንንሽ የእንጨት መቅረጫ ማሽኑም በእሱ የሚሠራው።

ችግሩ፣ ይቆጥራል እንጂ አያይም። ማታ መብራት በሌለበት የኮንዶሚኒየም ደረጃ ወጥታችሁ ታውቃላችሁ፤ እዚህ ያለ ሁሉ ያውቃል። የስልክ ባትሪም አልቋል እንበል። ደረጃውን እየቆጠራችሁ ነው የምትወጡት። መሀል ላይ ሰው ሰላም ካላችሁ ቁጥሩ ይዘበራረቃል፣ ከዚያ የሰው በር ላይ ቁልፍ ስታዟዙሩ ትገኛላችሁ። ስቴፐርም ይኸው ነው። ሸክም ከብዶት እርምጃ ካመለጠው፣ እንዳመለጠው አያውቅም። ቤቴ ደረስኩ ብሎ የጎረቤት በር ይነካካል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ደግሞ ጭራሽ ስንተኛ ፎቅ ላይ እንዳለ አያውቅም፤ የነቃባትን ቦታ ዜሮ ብሎ ይጀምራል።

ስለዚህ ኪት ስታዩ መጀመሪያ የምትፈልጉት ነገር ሊሚት ስዊች ነው። ትንሽዬ ማብሪያ ማጥፊያ ናት፣ ክንዱ መጨረሻው ድረስ ሄዶ ሲነካት ቀጭ ትላለች። መብራት ሲመጣ እያንዳንዱ መገጣጠሚያ ቀስ ብሎ ሄዶ የራሱን ስዊች ይነካል፣ «እሺ፣ ዜሮ እዚህ ነው» ይላል፣ ከዚያ ሥራ ይጀምራል። ርካሽ ኪቶች ላይ ይህቺ ስዊች የለችም። ክንዱን በእጃችሁ አስተካክላችሁ አስነሱት ይሏችኋል። ቀን አንዴ ከሆነ እሺ። እኛ ሰፈር ግን...

(እዚህ ላይ ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።)

ሰርቮስ? ብላችሁ ልትጠይቁ ትችላላችሁ። ሰርቮ ሌላ ዓይነት ሞተር ነው፤ የራሱን ማዕዘን ያውቃል፣ ውስጡ መለኪያ አለው። ርካሽም ነው። ግን ለቤት ውስጥ ሙከራ የሚሸጡት ሰርቮዎች አብዛኞቹ ከ180 ዲግሪ ብዙም አያልፉም፣ ሸክም ሲይዙ ይንቀጠቀጣሉ፣ መብራት ሲመለስም ወደታዘዙበት ቦታ በአንዴ ነው የሚወረወሩት። ለልጆች መማሪያ ጥሩ ነው። ለእንቁላል አይሆንም። ስለ ሰርቮ ይብቃን።

አሁን ወደ ትከሻው። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፣ ምክንያቱም ገንዘባችሁ የሚበላው እዚህ ነው።

«ኔማ 17» የሚል ጽሑፍ ታያላችሁ። ብዙ ሰው 17 የጉልበት ቁጥር ይመስለዋል። አይደለም። የሞተሩ ፊት ስፋት ነው፤ 1.7 ኢንች ገደማ፣ ሲለካ 42 ሚሊ ሜትር አካባቢ። እንደ ጫማ ቁጥር ነው። ኔማ 23 ደግሞ 57 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለት ኔማ 17 ሞተሮች ፊታቸው እኩል ሆኖ አንዱ ስስ፣ አንዱ ወፍራም ሊሆን ይችላል፣ ጉልበታቸውም ለየቅል ነው። ስለዚህ ርዝመቱን እና ቶርኩን፣ ማለት የማዞር ጉልበቱን፣ ጠይቁ። 40 ሚሊ ሜትር አካባቢ ርዝመት ያለው የተለመደው ሞተር 4 ኪሎ ግራም-ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይይዛል። ይህ ማለት ዘንጉ ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር የምትረዝም እንጨት ብታስሩ ጫፏ ላይ 4 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። እንጨቷ 40 ሴንቲ ሜትር ከሆነች 100 ግራም ብቻ።

የኔን ክንድ እናስላው። እንቁላሉ 60 ግራም። መያዣው 200። ድምር 260 ግራም፣ ከትከሻው 40 ሴንቲ ሜትር ርቆ። 0.26 ሲባዛ በ40፣ 10.4። የክንዱ የራሱ ክብደት 800 ግራም ነው፣ መሀሉ ላይ ነው ብለን በ20 እናባዛው፤ 16። ሲደመር 26.4። አያችሁ? ከባዱ እንቁላሉ አይደለም። ክንዱ ራሱን ተሸክሞ ነው የሚደክመው። የእጅ ሰዓታችሁን አውልቃችሁ፣ እጃችሁን ባዶውን ዘርግታችሁ አምስት ደቂቃ ያዙት እስቲ።

ሞተሩ 4 ነው ያለው፣ የሚያስፈልገን 26.4። በዚያ ላይ ስቴፐር ፍጥነት ሲጨምር ጉልበቱ ይወርዳል፣ ስለዚህ እኔ ሁልጊዜ ግማሹን ነው የማስበው፤ 2። 26.4 ለ2፣ 13 ምናምን። ወደ 15 አሳድጉት። ትከሻው ላይ ቢያንስ 15 ለ1 የሚቀንስ ማርሽ ወይም ቺንጋ ያስፈልጋል ማለት ነው። ሞተሩ 15 ጊዜ ሲዞር ትከሻው አንዴ። ሻጩ የዚህን ቁጥር ካልነገራችሁ፣ ወይም ጠይቃችሁት ስለ ቀለሙ ከመለሰላችሁ፣ ተዉት።

ማርሹ ሌላም ጥቅም አለው። ሞተሩ ቀጥታ ክንዱን ቢያዞር፣ አንዷ 1.8 ዲግሪ በ40 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ 12 ሚሊ ሜትር ከምናምን ትሆናለች። እንቁላል ላይ 12 ሚሊ! በ15 ሲካፈል ከአንድ ሚሊ በታች ይወርዳል። እዚህ ላይ «ሞተሩን የምትነዳው ካርድ፣ ድራይቨሩ፣ እርምጃውን በ16 ይከፋፍለዋል፣ አንዱ ዙር 3200 ይሆናል» የሚል ልጅ አይጠፋም፤ ከቂሊንጦ ከዩኒቨርሲቲው የመጣችሁ እየተያያችሁ ነው፣ አይቻችኋለሁ። ልክ ናችሁ፣ ይከፋፍለዋል። እንቅስቃሴው ለስላሳ ይሆናል፣ ድምፁም ይቀንሳል። ግን በእነዚያ ትንንሽ ክፍልፋዮች መሀል የሚይዝበት ጉልበት ትንሽ ነው፣ ሸክም ሲኖር ትንሽ ይሸሻል። ለማማር ነው እንጂ ለልክ አትመኩበት።

ማርሽ ራሱ ደግሞ ሕመም አለው፦ ይላላል። ጥርስና ጥርስ መሀል ክፍተት አለ። ክፍተቱ አንድ ዲግሪ ብቻ ቢሆን በ40 ሴንቲ ሜትር ላይ 7 ሚሊ ነው። ኪት ቤት ስትሄዱ፣ ወይም ጓደኛችሁ የገዛውን ስታዩ፣ እንዲህ አድርጉ፦ መብራት ሰጥታችሁ ክንዱ ቀጥ ብሎ ሲቆም ጫፉን በሁለት ጣት ይዛችሁ ወደ ላይ ወደ ታች ነቅነቅ። ቀጭ ቀጭ ካለ አትግዙት። የጥርስ ቺንጋ በዚህ ይሻላል፤ በደንብ ከተወጠረ ክፍተቱ እምብዛም ነው፣ ሲበላም ቀይሮ መሄድ ነው።

28ቢዋይጄ-48 የምትባል ትንሽ ባለ 5 ቮልት ሞተር ያላቸው ኪቶች አሉ። በጣም ርካሽ ናቸው። ውስጧ 64 ለ1 ገደማ የሚቀንስ ማርሽ አለ፣ ግን ማርሹ ልል ነው፣ ጉልበቷም እምብዛም ነው። ኮድ ለመለማመድ ግዙ። ሌላ ነገር ከእሷ አትጠብቁ።

የሚቀጥለው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳው ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ብቻ ያዙልኝ፦ ድራይቨሮቹ ተነቃይ ይሁኑ። ድራይቨር ማለት ሞተሩን የምትነዳው ትንሽዬ ካርድ ናት፤ ኤ4988፣ ዲአርቪ8825፣ ወይም ጸጥ የምትለው ቲኤምሲ2209። አንዳንድ ኪት ላይ ሁሉም ሰሌዳው ላይ ተበይደው ይመጣሉ። ቆንጆ ይመስላል። አንዷ ስትቃጠል ግን ሰሌዳው በሙሉ ሄደ ማለት ነው፣ እና ትቃጠላለች። መብራት እያለ የሞተሩን ሽቦ ከሰሌዳው ከነቀላችሁት ትቃጠላለች። ገልብጣችሁ ከሰካችኋት ትቃጠላለች። እኔ ሁለቱንም አድርጌያለሁ። ራምፕስ 1.4 የሚባለው ሰሌዳ አምስት የድራይቨር ቦታ አለው፣ አርዱዪኖ ኡኖ በምትባለው ትንሽ መቆጣጠሪያ ላይ የሚሰካው ሲኤንሲ ሺልድ ደግሞ አራት። ባለ ስድስት ክንድ ከገዛችሁ በሁለቱም አይበቃችሁም፤ ይህም ስድስት ይሻላል ለሚሉት ሌላ ወጪ ነው።

ፓወር ሰፕላዩን፣ የግድግዳውን መብራት ለሞተሩ የሚቀንሰውን ሳጥን፣ በተመለከተ አንድ ነገር ልናገርና ልለፍ። ባለ ብረት ሽፋን፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው፣ ታውቁታላችሁ። ጎኑ ላይ ትንሽ ቀይ ማዞሪያ አለች፤ አንዳንዴ ተለጣፊ ይሸፍናታል። 115 ወይም 230 ትላለች። ከፋብሪካ በ115 ላይ ሆና ልትመጣ ትችላለች። የእኛ ግድግዳ 220 ነው። እኔ አላየኋትም፣ ሰካሁ፣ ጧ አለ። ቤቱ በሙሉ ጭስ ሸተተ፣ ቫልቮላውም ሄደ፣ ታችኛው ፎቅ ያሉት ሰውዬ በካልሲ ወጡ። በካቻቢቴ አንድ ጊዜ ገፋ ማድረግ ነበር የሚጠበቅብኝ። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይላሉ፤ እኔስ የለቀምኩትም የለም።

ደግሞም ሞተሩ ይሞቃል፣ እጅ እስከሚያቃጥል። ቆሞም ቢሆን አንቆ ለመያዝ ስለሚበላ ነው፣ አትደንግጡ። ግን ሞተሩን የሚይዘው ፕላስቲክ ፒኤልኤ የሚባለው ዓይነት ከሆነ 60 ዲግሪ አካባቢ ይለሰልሳል፤ ቺንጋው ይጎትተዋል፣ ቀስ እያለ ይጣመማል፣ እናንተም «ኮዱ ነው» ብላችሁ ሳምንት ትፈልጋላችሁ። ሙቀት የተሻለ የሚችለው ፒኢቲጂ ፕላስቲክ ወይም አሉሚኒየም ይሁን።

እሺ፣ መብራት ሲጠፋስ? አራት መንገድ አለ። አንዱ ትንሽ ዩፒኤስ ወይም ባትሪ ነው፤ ሥራውን እንዲጨርስ ሳይሆን ክንዱን ቀስ ብሎ እንዲያስተኛ ያህል። ሁለተኛው ትከሻው ላይ ሞላ ወይም ሚዛን ማሰር ነው፤ የክንዱን ክብደት ሞላው ከተሸከመው ሞተሩም ያርፋል፣ ሲጠፋም አይወድቅም። ያ 16 ያልኳችሁ ቁጥር ወደ ዜሮ ይጠጋል። በርካሽ የሚገኝ መፍትሔ ይሄ ነው፣ ማንም አያስተዋውቀውም። ሦስተኛው ትል ማርሽ የሚባለው ነው፤ ዘንጉ ማርሹን ያዞራል፣ ማርሹ ግን መልሶ ዘንጉን ማዞር ይቸግረዋል፣ ስለዚህ ባለበት ይቀራል። ቀርፋፋ ነው። ፋብሪካ ውስጥ ያሉት ትልልቆቹ ክንዶች መብራት ሲጠፋ በሞላ የሚያጣብቅ ፍሬን አላቸው፣ እኛ ኪት ላይ ግን ያንን አታገኙም።

አራተኛው ክንዱ ከመሬት ስበት ጋር እንዳይታገል ማድረግ ነው። እኔ የመረጥኩት ይሄን ነው። ስካራ ይባላል። ጃፓን ውስጥ በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ በፈረንጆቹ፣ የተፈጠረ ቅርጽ ነው። ትከሻውም ክርኑም እንደ በር ወደ ጎን ነው የሚዞሩት። በር መብራት ሲጠፋ ይወድቃል? አይወድቅም። ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄደው አንዱ ብቻ ነው፣ እሱም በጥምዝ ብረት ስለሚሄድ አብዛኛውን ጊዜ ባለበት ይቆማል። አራት ሞተር፣ ቺንጋ፣ ኩሽኔታ፣ ትንሽ አሉሚኒየም። የእማማን እንቁላል አሁን የሚያዘዋውረው እሱ ነው። መያዣው ጣት የለውም፤ ጫፉ ላይ የላስቲክ መምጠጫ ነው፣ በትንሽ ፓምፕ እንቁላሉን ስቦ ያነሳዋል። ቀርፋፋ ነው። እማማ «እኔ እቀድመዋለሁ» ይሉታል፣ እውነታቸውን ነው። ግን ወገብ የለውም።

«እኔ ግን እውነተኛውን ክንድ ነው የምፈልገው» ለምትሉ፣ ዲዛይኑ ክፍት የሆነውን ምረጡ። ቢሲኤንሥሪዲ ሞቪዮ በ2016፣ በፈረንጆቹ፣ የወጣ ባለ አምስት መገጣጠሚያ ክንድ ነው፣ ፋይሎቹ በነፃ ይገኛሉ፣ አካሉ በሥሪዲ ፕሪንተር ነው የሚወጣው። ኤአር4 ደግሞ ባለ ስድስት ነው፣ ከበድ ይላል፣ ሞተሮቹ ላይም የዞሩትን የሚያይ መለኪያ አለ፤ ማለት እርምጃ ሲያመልጠው ያውቃል። ክፍት መሆኑ የሚጠቅማችሁ ለወሬ አይደለም። በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ከውጭ አንድ ብራኬት ማስመጣት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ዋጋ አልጠራም፣ ነገ ይለወጣል። ፋይሉ ካላችሁ ግን የተሰበረውን ታትማላችሁ፣ ወይም ቃሊቲ ቶርኖ ቤት ወስዳችሁ በብረት ታሠሩታላችሁ። የቶርኖ ባለሙያው ስለ ሮቦት ማወቅ የለበትም። ሥዕልና ልክ ስጡት፣ ከፋብሪካው የተሻለ አድርጎ ነው የሚያወጣላችሁ። የተዘጋ ኪት ከሆነ አንድ ፑሌጃ ስትሰነጠቅ ክንዱ የመደርደሪያ ጌጥ ይሆናል። ሁለት እንዲህ ዓይነት ጌጥ ያለው ሰው አውቃለሁ፤ እኔው ነኝ።

አንድ ልጅ ጥያቄ ጠይቆኝ ነበር፣ እዚህ ልመልሰው። «ኪት ሳልገዛ፣ ከምናለሽ ተራ አሮጌ ፕሪንተርና ፎቶ ኮፒ ማሽን ገዝቼ ሞተሩን ብፈታስ?» ግሩም ነው። ለትከሻ ላይበቃ ይችላል፣ ለአንጓና ለመያዣ ግን ይሆናል፤ ዘንጉን፣ ኩሽኔታውንና ቺንጋውንም አብራችሁ ታገኛላችሁ። ችግሩ ሽቦው ነው፤ አራት ሽቦ ይወጣል፣ የትኛው ከየትኛው እንደሚጣመር አልተጻፈበትም። ቴስተር ካላችሁ ትለካላችሁ። ከሌላችሁ ደግሞ ይኸው፣ አንድ ሞተር ይዤ መጥቻለሁ፣ ከእጅ ወደ እጅ አሳልፉት።

ዘንጉን በጣታችሁ አዙሩት። ላላ ብሎ ይዞራል አይደል? አሁን ከአራቱ ሁለቱን ሽቦ ጫፍ ለጫፍ አገናኙና እንደገና አዙሩት። ያው ከሆነ ሌላ ሁለት ሞክሩ። ድንገት ጠንከር፣ ቆንጠጥ ሲልባችሁ እነዚያ ሁለቱ ሞተሩ ውስጥ ያለ የአንድ የሽቦ ጥቅል ጫፎች ናቸው። የቀሩት ሁለቱ የሌላው። በእጃችሁ ስታዞሩት ሞተሩ ራሱ መብራት ያመነጫል፣ ሽቦው ሲገናኝ ያ መብራት መልሶ ሞተሩን ያንቀዋል። መብራት ኃይል አያስፈልገውም፣ ስለዚህ ዛሬም ይሠራል። አዎ አንተ፣ ቀይና ሰማያዊውን ሞክር። አሁንስ? እሺ፣ ለጎንህ አሳልፍላት።